ከጓዳ የሚወጣ ቀለም፦ የትኛው ክር ላይ ይቆያል፣ የትኛው ያታልላል?

ባለፈው ዓመት ሰርግ ቤት ነጠላዬ ላይ አልጫ ፈሰሰ። ልክ ደረቴ ላይ፣ የሲኒ አፍ የሚያህል ቢጫ ክብ። ቤት ገብቼ በልብስ ሳሙና ስፈትገው ቢጫው ቀይ ሆኖ ቁጭ አለ። ደም የነካው ነው የሚመስለው። አክስቴ አይታ ሳቀች። «አብሽሪ፣ ፀሐይ ላይ አስጪው» አለችኝ። ሁለት ቀን ገመድ ላይ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ነጠላው ነጭ ነበር።

እርድ እንዲህ ነው። ቶሎ ይይዛል፣ ሳሙና ሲነካው ይቀላል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይሰናበታል። ታዲያ ክር በቤት ውስጥ ላቅልም ያለ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እጁን የሚሰደው ወደ እርዱ ዕቃ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የመጀመሪያ ኮፍያዬን በእርድ አቅልሜ ለጎረቤት ልጅ ሰጠሁ። በወሩ ኮፍያውን ሳየው ግንባሩ በኩል ነጥቶ፣ ማጅራቱ በኩል ቢጫ ሆኖ ጠበቀኝ። ልጁ ፀሐይን ፊት ለፊት እያየ ነው የሚጫወተው ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ጓዳዬ ውስጥ ያልነከርኩበት ነገር የለም። የደረስኩበትን ባጭሩ ልንገራችሁ፦ ክር ላይ የሚቆየው ቀለም ያለው በአብዛኛው ከምንበላው ላይ ሳይሆን ከምንጥለው ላይ ነው። ልጣጭ፣ ፍሬ፣ አተላ። የምግቡ ደማቅ ቀለም ዓይን ይስባል እንጂ ክር ላይ አይከርምም።

መጀመሪያ ክሩን እወቁት

ሱቅ «የሹራብ ክር» ተብሎ ከሚሸጠው ብዙው አክሬሊክ ነው። ፕላስቲክ ነው ማለት ነው። የጓዳ ቀለም አይገባውም፤ ቀኑን ሙሉ ቀቅላችሁት ስታለቀልቁት ውሃው ቀለሙን ይዞት ይሄዳል። ሻጩን ብትጠይቁት «ሱፍ ነው» ይላችኋል። እሳት ግን አይዋሽም። ከጫፉ ትንሽ ቆርጣችሁ በክብሪት ለኩሱት። የበግ ጸጉር ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲታሽ ይደቃል። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል። አክሬሊክ ይቀልጥና ጠጣር ጥቁር ዶቃ ሆኖ ይቀራል። ዶቃው ሳይቀዘቅዝ አትንኩት። እኔ ነክቼዋለሁ።

የበግ ጸጉርና ጥጥ ካላችሁ ጀማሪ ሰው በበግ ጸጉር ይጀምር እላለሁ። ጸጉር ቀለም ይወዳል፤ ጥጥ ይግደረደራል። ደጋ ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ ዕድለኛ ነው። የወሎ ደጋ ሰው ባናውን፣ ያንን ወፍራም ብርድ ልብስ፣ የሚያሠራው ከበግ ጸጉር ስለሆነ በእንዝርት የተፈተለ ክር ከዘመድ ይገኛል። ሻካራ ነው፤ አንገት ላይ ሊበላ ይችላል። ለኮፍያ፣ ለመቀመጫ ልብስ፣ ለቦርሳ ግን አንደኛ ነው። ነጩን ምረጡ። ቡናማና ጥቁር በግ ላይ ቀለም መደረብ ድካም ነው።

ጥጥ ከሆነ ከፋብሪካው ድር ይልቅ በእጅ የተፈተለው ማግ ቀለም በደንብ ይጠጣል። ላላ ብሎ ስለሚፈተል ይመስለኛል። ሁለቱንም ግን ሳታጥቡ አትንከሩ። የበግ ጸጉር ስብ አለው፤ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሳትፈትጉ ዘፍዝፉት። ጥጡን በሳሙና አንድ ሰዓት ቀቅሉት። ንጹሕ የሚመስለው ፈትል የሚለቀውን ቡናማ ውሃ ስታዩ ትገረማላችሁ።

ልቃቂቱን እንዳለ ድስት ውስጥ መክተት ክልክል ነው። ውስጡ ነጭ ሆኖ ይቀራል። በወንበር ጀርባ ላይ አዙራችሁ ትልቅ ቀለበት አድርጉት፣ አራት ቦታ በሌላ ክር ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። ጠበቅ ካደረጋችሁት የታሰረበት ቦታ ቀለም አይገባም።

ማያዣው፦ አሉም፣ ዝገት፣ አቼቶ፣ ጨው

ቀለምና ክር በራሳቸው ብዙም አይዋደዱም። በመሃል የሚያስታርቅ ሽማግሌ ይፈልጋሉ። እኔ ማያዣ እለዋለሁ።

ከአራቱ አሉምን ምረጡ። ነጭ፣ ጨው የሚመስል ነገር ነው፤ ድፍርስ ውሃ ለማጥራትም ይገባል። ኬሚካል የሚሸጥበት ሱቅ ጠይቁ። ለ100 ግራም የበግ ጸጉር ክር 15 ግራም ይበቃል፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። በሙቅ ውሃ አሟሙታችሁ፣ እርጥቡን ክር ከትታችሁ፣ ሳይንተከተክ አንድ ሰዓት አቆዩት። እዚያው ይቀዝቅዝ። ከዚያ ነው ወደ ቀለሙ የሚገባው።

ጥጥ በአሉም ብቻ አይረታም። መጀመሪያ ጠንከር ያለ ሻይ ውስጥ ይደር፣ ከዚያ አሉም፣ ከዚያ ቀለም። ሻዩ ውስጥ ያለው ታኒን ነው አሉሙን ጥጥ ላይ የሚያስይዘው። አፍን ሰብሰብ የሚያደርገው ያ መራራ ነገር ማለት ነው።

ዝገት ሌላ ታሪክ ነው። የዛጉ ምስማሮች ማሰሮ ውስጥ፣ ግማሽ ውሃ፣ ግማሽ አቼቶ፣ አንድ ሁለት ሳምንት። ብርቱካናማ ውሃ ይወጣዋል። ይሄ ማንኛውንም ቀለም ያጠቁራል፤ ቢጫን ወደ ወይራ ቅጠል፣ ቡናማን ወደ ግራጫ ይወስደዋል። በጥቂቱ ነው፤ በማንኪያ እየጨመራችሁ፣ እያያችሁ። ሲበዛ የበግ ጸጉር ይደርቅና ይሰባበራል። አንድ ሙሉ የአንገት ልብስ እንዲህ አበላሽቻለሁ።

ጨውና አቼቶ ቀለም ያስይዛሉ የሚባለውን ሁላችንም ሰምተናል። ለልጣጭና ለቅጠል ቀለም ጨው ምንም አይፈይድም። አቼቶም አንዳንዱን ቀለም መልኩን ይለውጠዋል እንጂ አያስይዘውም። ጨዋችሁን ለወጥ።

እርድ ወይስ የሽንኩርት ልጣጭ?

ቢጫ የፈለገ ሰው ምርጫው እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እርድ ፈጣን ነው። ለ100 ግራም ክር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ ግማሽ ሰዓት፣ አለቀ። ማያዣ እንኳን ሳይኖር ጥጡም ጸጉሩም ላይ ይይዛል። ከድስቱ ሲወጣ የመስቀል አበባ ነው። ፎቶ ለማንሳት ከእርድ የሚበልጥ የለም። ዱቄቱ ንጹሕ እርድ መሆኑን ግን እዩ፤ ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ክሩን አሸዋማ ያደርገዋል። ችግሩ ከላይ የነገርኳችሁ ነው። አሉም ብታደርጉበትም ብርሃን ላይ አይጸናም። በልብስ ሳሙና ሲታጠብ ይቀላል፣ ሲያለቀልቁት ከፊሉ ይመለሳል፣ ግን ሙሉ በሙሉ እንደ ነበረው አይሆንም።

የሽንኩርት ልጣጭ ዝግ ያለ ነው። ደረቁ፣ ከላይ የሚረግፈው፣ ስንከትፍ በእጃችን ጠርገን የምንጥለው ወረቀት መሳዩ ነው የሚፈለገው። የክሩን ክብደት ያህል ልጣጭ ካላችሁ ደማቅ ይሆናል፤ ግማሹም ይሠራል። ቀላል ስለሆነ 100 ግራም ልጣጭ ትልቅ ፌስታል ይሞላል። ከአንድ ወጥ አይገኝም። ግን ወሎ ውስጥ ልጣጭ ማጠራቀም ችግር ሆኖ አያውቅም። ፋሲካው ሲያልፍ ኢዱ ይመጣል፣ ጎረቤትም ጎረቤት ነው። እኔ በሩ ጀርባ ማዳበሪያ ሰቅያለሁ። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ «ምን ነካት» ብለው ነበር። አሁን ራሳቸው ናቸው የሚያመጡልኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ልጣጩን በውሃ አንድ ሰዓት ቀቅሉት፣ በወንፊት አጥልሉት። ውሃው ጠቆር ያለ ቀይ ቡናማ ይሆናል። በአሉም ያለፈውን ክር እርጥቡን ክተቱ። ለስለስ ባለ እሳት አንድ ሰዓት፣ ከዚያ እዚያው ይደር። ጠዋት ስታወጡት የእኛ ቀይ ሽንኩርት ወርቃማ፣ ትንሽ ወደ ቡናማ ያደላ ቢጫ ይሰጣችኋል። አንዳንዴ አረንጓዴ ጭረት ይታይበታል። በላዩ ላይ አንድ ማንኪያ የዝገት ውሃ ቢጨመር ጠቆር ያለ የወይራ ቅጠል ይሆናል።

ሁለቱን አወዳድሬያቸዋለሁ። የእርዱንና የልጣጩን ክር ካርቶን ላይ ጠምጥሜ፣ ግማሹን በወፍራም ወረቀት ሸፍኜ መስኮት ላይ አስቀመጥኳቸው። በሁለት ሳምንቱ ወረቀቱን ሳነሳ የእርዱ ክር ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ የተሸፈነው ቢጫ፣ ያልተሸፈነው የደረቀ ቅቤ የሚመስል ነገር። የልጣጩ ክር ላይ ድንበሩን ለማየት መነጽሬን መፈለግ ነበረብኝ። እናንተም ማንኛውንም ቀለም ከመውደዳችሁ በፊት እንዲህ አድርጉት። ካርቶንና ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው።

ስለዚህ ልጣጭ። እርድን የማልቃወመው ለአንድ ቀን ለሚሆን ነገር ነው። ለሰርግ ስጦታ ማሰሪያ፣ ለልጆች ጨዋታ፣ ጥላ ውስጥ ለሚቀመጥ ነገር ይሁን።

ሻይ፣ ቡና፣ የአቮካዶ ፍሬ

ሻይ ለሰነፍ ሰው የተሰጠ ስጦታ ነው። ማያዣ አይጠይቅም። ለ100 ግራም ክር 30 ግራም ደረቅ ቅጠል ቀቅሎ፣ አጥልሎ፣ ክሩን አሳድሮ ማውጣት ብቻ ነው። የተቀቀለ ቅጠልም ይሆናል፤ ትንሽ ብዙ ይፈልጋል እንጂ። የሚሰጠው የገለባ ቡናማ ነው። ዝገት ሲጨመርበት ወደ ግራጫ፣ ከዚያም ወደ ጥቁር ይሄዳል። ጥጥ ላይ ጥቁር ነገር የፈለገ ሰው ከጓዳ ከዚህ የተሻለ አያገኝም። እጃችሁን ሸፍኑ፤ ጥፍር ሥር የገባው አንድ ሳምንት ይቆያል።

ቡና ላይ ብዙ ተስፋ አትጣሉ። አገሩ የቡና ነው፣ አተላውም ሞልቷል፣ ግን አቦል ቶና በረካ ብለን ከጠጣነው በኋላ አተላው ውስጥ የሚቀረው ትንሽ ነው። የሚያወጣው ቡናማ ከሻዩ የደበዘዘ ነው። ሽታው ግን ደስ ይላል። ከሻይ ጋር ቀላቅሉት።

የአቮካዶ ፍሬ ያላሰብኩት ነው። ፍሬው ሲቆረጥ ነጭ ነው፣ አየር ሲነካው ብርቱካናማ ይሆናል። ቆራርጣችሁ ስትቀቅሉት ደግሞ ውሃው ቀስ እያለ ወደ ሮዝ ይሄዳል። ኮምቦልቻና ደሴ ጁስ ቤቶች ፍሬውን በባልዲ ነው የሚጥሉት፤ ማታ ላይ ብትጠይቁ እንዲያውም ያመሰግኗችኋል። እኔ ለ100 ግራም ክር ከ8 እስከ 10 ፍሬ እወስዳለሁ። በኃይል አታፍሉት፤ ሮዙ ወደ ተራ ቡናማ ይለወጣል። ለስለስ ባለ እሳት አንድ ሰዓት አቆዩት፣ ይደር፣ ነገ ድገሙት። ትንሽ የአመድ ውሃ ወይም ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ቀለሙን ያደምቀዋል። ይሄን ግን ለጥጥ ብቻ። የበግ ጸጉር አመድ አይወድም፤ ይጎዳል።

የሚወጣው ቀለም የደበዘዘ ሮዝ ነው። ደማቅ ሮዝ የጠበቀ ሰው ያዝናል። እኔ ግን ከሁሉም የምወደው ይሄንን ነው። ያለ ማያዣ ይይዛል፣ ሳሙናም ቶሎ አያሸንፈውም።

የሚያታልሉት

ቀይ ስር። ድስቱ ውስጥ ንግሥት ነው። ክሩ ሲወጣም ልብ ይሰርቃል። ስታለቀልቁት ግማሹ ይሄዳል፣ ሌላው ግማሽ ፀሐይ ላይ በጥቂት ቀናት ያልቃል፣ የሚተርፈው የቆሸሸ ነጭ ነው። ቀይ ስሩን ብሉት።

ካርካዴም ያው ነው፤ ቀዩ ሳሙና ሲነካው ወደ ግራጫ ይዞራል። ልጆች አቼቶና ሳሙና እያፈራረቁበት ቀለም ሲቀያየር ቢያዩ ይደሰታሉ። ለሹራብ ግን አይሆንም።

በርበሬን ሞክሬያለሁ፣ አትሳቁብኝ። ወጥ ላይ ያ ሁሉ ቅላት ካለ ክር ላይ ለምን አይሆንም ብዬ ነው። የበርበሬ ቀለም የሚሟሟው በዘይት እንጂ በውሃ አይደለም። ወጡ ላይም ቀይ ሆኖ የሚንሳፈፈው ዘይቱ ነው። ውሃ ውስጥ ስቀቅለው ክሩ ሳይቀላ ቤቱ ሙሉ አስነጠሰ። እናቴ በር ከፍታ ውጭ ቆማ «ምን እያደረግሽ ነው አንቺ ልጅ?» ስትል ይሰማኛል።

የገበያው የስፌት ቀለምስ?

ሰፌድና መሶብ የሚሰፉ እናቶች አክርማውን የሚነክሩበት ዱቄት ርካሽ ነው፣ ደማቅ ነው፣ በአንድ ፍልታ ያልቃል። ደማቅ ሐምራዊና ወይን ጠጅ የፈለገ ሰው ጓዳው ውስጥ አይድከም፤ አያገኘውም። ሰማያዊም እንደዚያው። ሣር ላይ የያዘ ሁሉ ግን ጥጥ ላይ ይይዛል ማለት አይደለም። አንዴ ጥጥ ነክሬበት ሦስት እጥበት ድረስ ሌላውን ልብስ ሁሉ እያቀለመ ኖረ። ለበግ ጸጉር የተሻለ ነው። ዱቄቱን ስትበጠብጡ አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ድስቱንም ከምግብ ለዩ።

ስለ ድስት ካነሳን፣ የጓዳ ቀለምም ቢሆን ድስቱ ለብቻው ይሁን። ልጣጩ ምንም አይልም፣ አሉምና ዝገት ግን ወጥ ውስጥ የሚገቡ ነገሮች አይደሉም። ሸክላ ድስት ቀለሙን ይጠጣል። የብረት ድስት ራሱ ዝገት ስለሚሰጥ ሁሉንም ያጠቁራል። ጠርዙ የተላጠ አሮጌ ኢናሜል ካላችሁ፣ የተላጠው ውስጡ ካልሆነ፣ ለዚህ ነው የተፈጠረው።

የትኛውን ለምኑ?

ለልጅ ኮፍያና ሹራብ፣ ፀሐይም እጥበትም ለሚበዛበት፣ የሽንኩርት ልጣጭ በአሉም፣ በበግ ጸጉር ላይ። ለጥጥ ነጠላ ጥለት ሻይ ወይም አቮካዶ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ ሻይ፤ ምክንያቱም አሉም ፍለጋ ሳትሄዱ ዛሬ ማታ ትጀምራላችሁ። ከሥራ የምትመለሱት መሽቶ ከሆነም ሻይና አቮካዶ፤ ከሰሉን አጥፍታችሁ ብትተኙ እነሱ ሥራቸውን ይሠራሉ።

አንድ ነገር ስለ እኛ አገር። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ልጣጭና ፍሬ ስትቀቅሉ ሌላ ቦታ ያለ ሰው ከሚነግራችሁ ሰዓት ላይ ሩብ ሰዓት ጨምሩ። ለበግ ጸጉር ደግሞ ጥቅም ነው፤ እሳቱን ብትረሱት እንኳ ቆላ ያለ ሰው ክር ያህል አይጎዳም። ዋናው አለማማሰል ነው። ጸጉር በሙቅ ውሃ ሲታሽ፣ ወይም ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ ድንገት ሲገባ፣ ተኮማትሮ ይጠጥርና ፈትል መሆኑ ይቀራል። እዚያው ድስቱ ውስጥ ይቀዝቅዝ። ጥላ ላይ አስጡት።

ያንን የልጣጭ ውሃ ደግሞ እንዳትደፉት። ውስጡ ገና ቀለም አለ። ሌላ ክር ክተቱበት፣ ከዚያ ሌላ። አቦሉ ጠቆር ያለ ወርቅ ነው፣ ቶናው የገብስ ነዶ። በረካው ላይ ለአራስ ልጅ ኮፍያ የሚሆን፣ ሲያዩት የቅቤ አናት የሚመስል ቢጫ ይወጣል።